አባባ የማያስነቅሉት ጣውላ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣቱ ቀለለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ትንሿን ሳሉ ለቀቃት? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። "ደህና ነን" ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ዘንድሮ ግን ያን ቃል ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም። ላሞቹ አሉ። በረቱም ቆሟል፤ የቆመው ግን በአንቺም በእኛም ብልሃት አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባባ አጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ደብዳቤውን የወተት መኪናው ሾፌር ወደ አንቺ ለሚመጣ ሰው ያስረክብልኛል። አሳድገሽኛል፣ አከብርሻለሁ፤ ግን ተናድጃለሁ። ሁለቱንም አብረሽ ቻያቸው።

ባለፈው ዓመት ስትመጪ በረቱ መሀል ቆመሽ "ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ ወንፊት? ላሞቹን እኮ ብርድ ፈጃቸው!" ያልሽው ትዝ ይልሻል? አያታችን ጣውላዎቹን ጣት በሚያስገባ ክፍተት አራርቀው የመቱት እንጨት አጥሯቸው አልነበረም። ቆጡ ላይ የሚከመረው የሣር ድርቆሽ ነፋስ እንዲያገኝ ብለው ነው። ይህንኑ ነገርኩሽ። "አንተ ደግሞ ሁሉ ነገር ላይ ሌክቸር ትሰጣለህ" ብለሽ ሳቅሽብኝ። አናጢውን አስጠርተሽ ክፍተቱን ሁሉ ከውጭ በአዲስ ጣውላ አስደፈንሽው። እውነቱን ለመናገር አምሮበት ነበር። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ፎቶ ያነሳው ጀመር፤ አባባም "ልጄ በረቴን ካፖርት አለበሰችው" እያሉ ለመጣው ለሄደው ሲያሳዩ ከረሙ።

ዘንድሮ ሣሩ ታጭዶ በቅጡ ሳይደርቅ ሰማዩ ጠቆረ። ታናሻችን ችኩሉ (መቼም ስሙን በሥራው ነው ያገኘው) እኔ ወተት ለማስረከብ ወጣ ባልኩበት እርጥቡን ሣር ቆጡ ላይ ጠቅጥቆ ጠበቀኝ። "እጅህን ሰደድ አድርገህ እየው፣ ደርቋል" ይለኛል። ሰደድኩ። በደንብ እንዳልተጨመቀ ፎጣ ነው። "አውርደው" አልኩት። "በዚህ ዝናብ የት ላድርገው? አንተ ራስ ላይ?" አለኝ። ድሮ ቢሆን ግድግዳው ያደርቅለት ነበር። አያታችን ችኩል የልጅ ልጅ እንደሚወለድላቸው ሳይጠረጥሩ አልቀሩም።

ሣሩም ሳይወርድ እዚያው ሳምንታት ቆየ። እሁድ ጠዋት አላቢዋ ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች እየሮጠች መጣች። "ጋሼ፣ በረቱ ውስጥ ስኳር የሚያሳርር ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ። ገና በሩ ላይ ስደርስ ሸተተኝ። እርጥብ ድርቆሽ ሲታመቅ ከውስጡ እየጋለ ሄዶ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ረጅም የፌሮ ብረት አምጥቼ ክምሩ ሆድ ውስጥ ሰካሁት፤ ጥቂት ቆይቼ ስስበው መዳፌን ላጠው። መበርበር ለእሳቱ አየር ማቀበል ነው። መተው ደግሞ በረቱን ማጣት ነው። ችኩሉ መንሹን ይዞ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ነበር፤ በእግሩ ጎትቼ አወረድኩት። "መጀመሪያ ላሞቹ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ መንሽ!" ብዬ ጮህኩበት።

ላሞቹ ወጡ። አንቺ "እመቤት" ብለሽ ስም ያወጣሽላት ግን ተኝታ እያማጠች ነበር። አባባ አጠገቧ ተንበርክከው "ይህችን ትቼ አልወጣም" አሉ። ከራሳቸው በላይ ቆጡ መጨስ ጀምሯል። "አባባ፣ ይውጡ!" ብዬ በአንቱታ ጮህኩባቸው። "አንተ ውጣ! በጩኸትህ እያስደነገጥካት ነው" አሉኝ። አላቢዋና እኔ የጥጃውን እግሮች በገመድ አስረን፣ ምጧን እየተከተልን ሳብነው። ጥጃውን አቅፌ ስወጣ እናቲቱ እየተንገዳገደች ተከተለችኝ፤ አባባ ደግሞ እሷን ተከተሉ። ለእኔ ብለው እንዳይመስልሽ።

ከዚያ ጎረቤት ተሰብስቦ ባልዲ እየተቀባበለ፣ እኛም እያረጠብን ክምሩን ቁልቁል ወረወርነው። መሀሉ ከሰል መስሏል። ደጅ ወድቆ ነፋስ ሲያገኘው ቦግ አለ። ቆጡ ላይ ሳለ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

በማግስቱ ሚስማር መንቀያ ይዤ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። አባባ የመቀመጫ ዱካቸውን ይዘው መጡና ጀርባቸውን ለጣውላው ሰጥተው ተቀመጡ። "ልጄ ያለበሰችኝን አንተ አታወልቅም" አሉ። እሳቱን ባነሳባቸው "እሳቱ የችኩሉ ነው፣ ጣውላው የልጄ ነው" ብለው ዘጉኝ። ችኩሉ እንኳ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር ወግኖ ለመናቸው። ወይ ፍንክች! ምሳቸውን ሳይቀር እዚያው ነው የሚበሉት።

ሁለተኛው ሣር ለአጨዳ ደርሷል። የመጀመሪያው ተቃጥሎ አልቋል፤ ይህኛው ካልገባ ላሞቹን የምናበላው የለንም፣ መሸጥ ነው። አባባ ላሞቹ ሲሸጡ ቆመው የሚያዩ ይመስልሻል? በዘንድሮ ሰማይ ደግሞ ደረቅ ሣር የሚባል ነገር የለም። እንደ ታፈነ ማሰሮ በተደፈነ በረት ውስጥ አንዲት ጭራሮ አላስገባም።

አባቴን በጉልበት ከዱካቸው አላነሳም። ሊያስነሳቸው የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውይላቸው። አታልቅሺባቸው፣ እሳቱንም እንዳታነሺ። "አባባ፣ በክፍተቱ የሚገባው ብርሃን ናፈቀኝ፤ ጣውላዬን አስነቅሉልኝ" በያቸው። ውሸት ከሆነብሽ፣ ልጅ ሳለሽ ቆጡ ላይ ተጋድመሽ መጽሐፍ የምታነቢው በዚያ ብርሃን እንደነበር አስቢ፤ ያኔ ውሸት አይሆንም።

ባለቤቴና ልጆቼ በናፍቆት ይስሙሻል። አላቢዋ "ሰላም በሉልኝ፣ ጥጃዋ ሴት ናት" ብላለች። ችኩሉ "እትዬ እንዳትቆጣኝ" ብሏል፤ ተቆጪው። አባባ ከዱካቸው ሆነው ስጽፍ አዩኝና ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለአንቺ መሆኑን ነገርኳቸው። ጣውላውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "ዘንድሮ በረቱ ሞቆልናል በላት" አሉኝ።

ወንድምሽ

ከአሮጌው በረት ደጃፍ፣ ሐሙስ ረፋድ፣ ሣሩ ሳይታጨድ