ዳቦ ላይ ቀብተው የበሉት የእኔ ነው

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ግልባጭ፦ ደረጃውን ለሚወጣና ለሚወርድ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብዬ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከኮሚቴው ቢሮ ወጥተው አፍዎን በመሐረብ ይዘው ወደ ክሊኒኩ ሲሮጡ፣ ገንዘብ ያዣችንም “ኧረ እኔንም ይጠብቁኝ!” እያሉ ሲከተሉዎት በመስኮቴ አይቼ ስለ ጨጓራዎ ከልቤ ተጨንቄ ነበር። ሐኪሙ ምንም እንዳልሆናችሁ ነግሮ፣ ሳቁ እንዳይታይበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደሸኛችሁ ስሰማ ነው እፎይ ያልኩት።

እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጥጉ ላይ ያለው ቤት ውስጥ የምኖረው ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ። በስብሰባ ላይ እጄን ባወጣሁ ቁጥር “ያቺ ዝምተኛዋ ደግሞ ምን ልትል ነው?” የሚሉኝ እኔኑ ነው። እንግዲህ የምለው ይኸውልዎ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ “ለሕንፃችን ሥነ ምግባር አደገኛ የሆነ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ” ብለው በትልልቅ ፊደል ያወጁበት የእንጆሪ ጣዕም ያለው ማለስለሻ ጄል የእኔ ነው። አንብቤ፣ መርጬ፣ በራሴ ገንዘብ ለራሴ ያዘዝኩት ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይታ የምትኖረውን ጸጉር ሠሪ እንዲተዉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ነገሩን በወሬ ብቻ የሰሙ ጎረቤቶች እንዳይደናገሩ፣ ማለስለሻ ማለት ሁለት ሰዎች በፍቅር ሲቀራረቡ ድርቀትና መፋተግ ሕመም እንዳያመጣ የሚቀባ ነገር ነው። ጣዕም ያለው ደግሞ አፍም የጨዋታው ተካፋይ ሲሆን እንዳይጎመዝዝ ተብሎ የሚሠራ ነው። ያወጁበት አደጋ በሙሉ ይህ ነው። ቅሬታዬን ግን ለኮሚቴው አሠራር እንዲመች በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጥቅሉ በር ላይ ሲደርስ መጠቅለያው ላይ ስሜም የቤት ቁጥሬም በግልጽ ተጽፎ ነበር። “ለደኅንነት ሲባል” ማንኛውም ጥቅል በኮሚቴው ፊት እንዲከፈት እርስዎ ባወጡት መመሪያ መሠረት ጥበቃው ወረቀቱን በቢላ ቀደደው፣ ሳያነብም ቅርጫት ውስጥ ከተተው፤ ቅርጫቱም በዚያው ዕለት ተደፋ። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ባለቤቱን ለማወቅ ብርቱ ጥረት አድርጎ እንዳልተሳካለት አስታወቀ። የሰውን ስም ቀዶ ጥሎ ሰውየውን መፈለግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ይገባኛልና ለልፋታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሁለተኛ፤ በልታችሁታል። ቲዩቡ ላይ እንጆሪ ስለተሳለ ከሻይ ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው ጎን እንደተቀመጠ፣ እርስዎም ማርማላታ መስሎዎት ዳቦዎ ላይ ቀብተው እንደጎረሱ፣ አልፎም እንደደገሙ ሻይ ያቀረበችው ሴት ደረጃው ላይ ላገኘችው ሁሉ ተርካለች። ገንዘብ ያዣችን “ስኳሩ አይበዛም፤ ለእኔ ቢጤ ስኳር ላለበት ሰው ይሆናል” እንዳሉ፣ እርስዎም “የድሮው ማርማላታ እኮ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ ይሄ ግን እንዴት ነው የሚወርደው ባካችሁ!” ብለው እንዳደነቁ ሰምቻለሁ። ጸሐፊዋ ቲዩቡን ገልብጣ ጀርባውን እስክታነብ ድረስ ቅር ያለው ሰው አልነበረም አሉ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ የምርጫዬን ጥሩነት በምላስዎ ስለመሰከሩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ገንዘብ ያዣችን የስኳሩን ማነስ መለየታቸው በተለይ አስደስቶኛል፤ ዕቃውን የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነውና። ጣፋጭ ከሆኑት ማለስለሻዎች ስኳር የገባባቸው አሉ፤ ስኳር ደግሞ ሴት ብልት ውስጥ ሲቀር ፈንገስ እንዲራባና ማሳከክ እንዲመጣ መንገድ ይከፍታል። ግሊሰሪን የበዛበትም አንዳንዷን ሴት ያቃጥላታል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ከሥዕሉ በፊት ጀርባውን ያንብብ፤ ውኃ መሠረቱ የሆነውን፣ ስኳር የሌለበትን፣ ቀለምና ሽቶ ያልበዛበትን ይምረጥ። ጣዕም ያለው ለአፍና ለውጪው ገላ ነው፤ ወደ ውስጥ ለሚገባው ጣዕምም ሽታም የሌለውን ለብቻው መያዝ ይሻላል። ሲጨርሱም ውጪውን ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይበቃል፤ ውስጥን በሳሙና መፈተግ ጉዳት እንጂ ንጽሕና አያመጣም። ጀርባውን ማንበብ ለኮሚቴውም ቢሆን ከክሊኒክ ሩጫ ያድን ነበር።

አዲስ ዕቃ ከሆነ በቅድሚያ ክንድ ላይ፣ በውስጥ በኩል ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ደግ ነው። ከቀላ ወይም ካሳከከ ይጣል። እናንተ ግን ያለ ምንም ሙከራ በቀጥታ ወደ አፍ ወሰዳችሁት፤ ድፍረታችሁን አደንቃለሁ። ለማንኛውም በዚያ መጠን ቢዋጥ ጤናማ ሰውን አይጎዳምና ስለዚያ በሰላም ይተኙ።

ወጥ ቤት ያለውን ሁሉ ለዚህ አገልግሎት የሚሞክሩም አይጠፉምና ስለእነሱም ልበል። ማር፣ ማርማላታና ቅቤ ለዳቦ ናቸው። ዘይት፣ ቅቤና ቫዝሊን ደግሞ ከጎማ የሚሠራውን የላቴክስ ኮንዶም ያሳሱታል፣ ያስቀድዱታልም። ማለስለሻ በራሱ እርግዝናን አይከለክልም፤ በሽታንም አይመክትም። ልጅ የሚፈልጉ ባልና ሚስት አንዳንዱ ዓይነት የዘሩን ጉዞ ስለሚያዘገይ ባለሙያ ይጠይቁ። እንግዲህ ማርማላታና ማለስለሻን ማምታታት ከሁለቱም አቅጣጫ ችግር እንዳለው ታዩልኛላችሁ።

ሦስተኛ፤ በማስታወቂያዎ ላይ “ዕቃው በዕድሜ የበሰሉና የተከበሩ ነዋሪዎቻችን ሊሆን እንደማይችል ኮሚቴው አረጋግጧል” የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። እንዴት እንዳረጋገጣችሁ ባልጠይቅ ይሻላል። ነገር ግን ድርቀት ከሁሉ ይልቅ የሚመጣው የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ማለትም እርስዎ የበሰለ ባሉት ዕድሜ ነው። የሚያጠቡ እናቶችም፣ አንዳንድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ያጋጥማቸዋል። ነውርም ጉድለትም አይደለም። ባሌ ነው የሞተው፤ እኔ አልሞትኩም። ከማን ጋር እንደምጠቀምበት ለማወቅ አንገታቸውን ለሚያሰግጉ ጎረቤቶችም፣ ጉዳዩ የሁለታችን እንጂ የኮሚቴው አጀንዳ አለመሆኑን ከአክብሮት ጋር አስታውቃለሁ።

እንጆሪ ለምን አስፈለገ ላሉት ግን እመልሳለሁ። ከክሊኒክ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ቅባት ጥሩ ነበር፤ ሽታው ግን የሐኪም ጓንት ሽታ ነው። ባሌን በመጨረሻ ዘመኑ ያስታመምኩት እነዚያን ጓንቶች አጥልቄ ነው። ገላውን ሳጥበው፣ ጀርባው እንዳይቆስል ሳገላብጠው፣ እጄ ላይ የነበረው ያ ሽታ ነው። ሰው ሊደሰት በተኛበት አልጋ ላይ አስታማሚነቱ ተመልሶ ሲመጣበት ምን እንደሚሰማው ኮሚቴው በስብሰባ ሊወስን አይችልም። እንጆሪን የመረጥኩት ሕመምን ስለማያስታውሰኝ ነው። ቲዩቡን እጅ ላይ ጨምቆ፣ በመዳፍ አሙቆ፣ በጥቂቱ ጀምሮ፣ ሲደርቅ መጨመር ነው፤ መቸኮል የለበትም። የተንጠባጠበውን ወለል መጥረግ አይረሳ፤ ያንሸራትታል። “ያደነዝዛል” የሚል የተጻፈበትን አልገዛም፤ ገላ አመመኝ ሲል መስማት እንጂ አፉን መዝጋት አይገባምና። ማለስለሻ ተቀብቶም የሚያም ወይም የሚያደማ ከሆነ ሐኪም ጋር መሄድ ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው ትሉ ይሆናል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ መዝገበ ቃላት ጎኔ አስቀምጬ ያነበብኩት ነው። ማንበብ የጀመርኩት ደግሞ ዘግይቼ ነው። ታናሽ እህቴ በተዳረች ሰሞን መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች፣ “እቴ፣ በጣም እኮ ነው የሚያመኝ” አለችኝ። እኔም የማውቀውን ያህል፣ ማለትም ምንም ሳላውቅ፣ “ቻይው፤ ሁላችንም ችለነዋል” አልኳት። ቻለችው። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። እስካሁን ስንገናኝ ስለ አየሩ ነው የምናወራው። ይህን የጻፍኩት እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ቀጣዩ ቅሬታዬ ለምን እንደሚጠነክር እንዲገባዎት ነው።

አራተኛ፤ ጸጉር ሠሪዋ። ብቻዋን ስለምትኖር፣ ደንበኞቿ አምሽተው ስለሚለቋት፣ ስትስቅም ድምፅዋ እስከ ምድር ቤት ስለሚሰማ፣ ኮሚቴው “ከእሷ ሌላ ማን ይሆናል?” ብሎ ወሰነ። አከራይዋን አስጠርታችሁ በዚህ ወር መጨረሻ ቤቱን እንድታስለቅቃት አዘዛችኋት። ልጅቷ ወንበሯንና የጸጉር ማድረቂያውን በአንሶላ ጠቅልላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። “እትዬ፣ እኔ እንኳን ልገዛው ምን እንደሆነም ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ደግሞ ብገዛስ ማንን ገደልኩ?” አለችኝ። የመጨረሻው ጥያቄዋ ጥሩ ስለሆነ ለኮሚቴው ሳላስተካክል አስተላልፌዋለሁ።

አንድ ጊዜ “ቻይው” ብዬ ዝም በማሰኘቴ እህቴ ከፍላበታለች። ሁለተኛ አይደገምም። ስለሆነም ማስታወቂያው ከሰሌዳው ይነሣ፤ ለአከራይዋ የተሰጠው ትእዛዝ በጽሑፍ ይሻር፤ ጸጉር ሠሪዋም በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው ትልልቅ ፊደል ይቅርታ ትጠየቅ። ጥቅል የመክፈቱም ልማድ ይቁም። ከቤት መውጣት ያለበት የዕቃው ባለቤት ነው ካላችሁ፣ የእኔ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ጥጉ ላይ ነው። የራሴ ስለሆነ የምትጠሩት አከራይ ግን አታገኙም።

ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን ለጥፌዋለሁ። ነፋስ ቢወስደው፣ ወይም ነፋስ የሚመስል የኮሚቴ አባል ቢወስደው፣ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ድምፄ ዝቅ ያለ መሆኑን ስለሚያውቁ ያንን የሚወዱትን ማይክሮፎን እንደሚያውሱኝ አልጠራጠርም።

ስለ ሥነ ምግባራችን እንቅልፍ አጥተው፣ ስለ ጓዳችን ከእኛ በላይ አስበው፣ ስለ ጥቅላችን ከእኛ ቀድመው ለሚደክሙት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጨጓራዎ ጤና፣ ለቢሮዎ ደግሞ እውነተኛ ማርማላታ እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ዝምተኛዋ፣ የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪና የዕቃው ባለቤት

ማስታወሻ፦ ጸጉር ሠሪዋ ወንበሯን መልሳ ወደ ቤቷ አስገብታለች፤ አንዱን እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። የቲዩቡን ትራፊ እንዳትመልሱልኝ አደራ፤ ክዳኑ ተከፍቶ የቢሮ ቢላ የነካው ነገር ለገላ አይሆንም። ሁለተኛው ጥቅሌ በዚህ ሳምንት ይደርሳል። እሱ ጣዕምም ሽታም የሌለው ነውና ዳቦ በመግዛት እንዳትቸገሩ።