አናጢው ያልደፈናት ቀዳዳ

ወዳጄ፣

እህቴ ቤት ስደርስ የጠበቁኝ ጣሪያው ውስጥ የሰፈሩ የሌሊት ወፎች ናቸው። አናጢ ጠርቼ ቀዳዳውን ሁሉ ድፈን አልኩት። አመሻሹ ላይ ብመለከት አንዷን ትቷታል። ጮኽኩበት።

«ጋሼ፣ ወንበር ያውጡና ትንሽ ይቀመጡ፤ ከዚያ ይሰድቡኛል» አለኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያች ቀዳዳ ስልሳ ያህል ተከታትለው ወጡ።

«ይኸው ወጡልህ! ድፈናት!»

«የወጡት እናቶቹ ናቸው፣ ትንኝ ለቅመው ሊመጡ። ልጆቹ ገና አይበሩም፤ ውስጥ ሆነው ጡት ይጠብቃሉ።»

መሰላል ወጥቼ በባትሪ አየሁ። አውራ ጣቴን የማያክሉ፣ ፀጉር ያላበቀሉ ሕፃናት ተጠጋግተው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። እናቲቱ በዓመት የምትወልደው አንድ ብቻ ነው አለኝ አናጢው፤ ስትመለስም ከዚያ ሁሉ መሀል የራሷን በድምፁ ትለየዋለች። እፎይ አልኩ። እኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን «እሺ ጌታዬ» ብለው ይደፍኑልኝና፣ ያን ሁሉ ሕፃን በረሃብ ፈጅቼ ተኝቼ አድር ነበር። ትእዛዜ ባለመፈጸሙ ደስ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለባለቤትህና ለእናትህ ናፍቆቴን አድርስልኝ። ቀዳዳዋ የምትደፈነው ልጆቹ በረው ሲወጡ ነው፤ ቀኑን የሚቆርጠውም አናጢው ነው።