ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው ሰሌን

ይድረስ ለእናቴም ለእህቴም ለሆንሽው ለእትዬ ኢሜልዳ፤ ኩማሲ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የማሽላ ጠላሽ የፒቶው ጋን ጭስ ሲያስለቅሰው የኖረው ዓይንሽ ተሻለው ወይ? ባለቤትሽ ጋሼ ኮስማስ ስኳሩ ቀነሰላቸው? ልጆቹስ? ትንሿ አሁንም ፒቶ ሊጠጣ የመጣው ሁሉ አጎቷ ይመስላታል? እኛ እዚህ ደረቁ ነፋስ ከንፈራችንን ሰንጥቆ ዓይናችንን በአቧራ ከመሙላቱ በቀር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ ለደብዳቤው ወግ ነው እንጂ፣ እኔስ እሑድ ከደነገጥኩት ድንጋጤ እስካሁን አልተመለስኩም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ሁልጊዜ ድምፁን ለቀሽ ስለምታወሪ ነው። ፒቶ ቤትሽ የተቀመጠ ሁሉ ቅሉን አስቀምጦ ጆሮውን ይሰጠናል። ይህ ግን ላንቺ ብቻ የሚነገር ነው። በእጅሽ እንዲሰጥሽ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለዚዬም አደራ ብዬዋለሁ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

የነገሩን ሥር ታውቂዋለሽ። ባገባሁ ብዙም ሳልቆይ ማኅፀኔ ላይ እጢ ተገኘና አንቺ ዘንድ መጥቼ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል፤ ስፌቱ ሳይጠና ብታረግዢ ሊተረተር ይችላል፣ ሁለት ዓመት ታገሱ ነው ያለው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ለባሌ ለባዮር ቤተሰብ አንቺን በንግድ ላግዝ እንደሄድኩ ነበር የተነገራቸው፤ ስመለስም እንደዚያው ይቅር ብለን ዝም አልን። ያልተጠመቁትን አጎቶቹን ታውቂያቸዋለሽ። ማኅፀኗ ተቀዷል የሚል ወሬ ጆሯቸው ከገባ ሌላ ሴት ይዘውለት ለመምጣት ማንንም አያስፈቅዱም። ባሌ እምቢ እንደሚል አውቃለሁ። ግን ዕድሜ ልክ እምቢ ሲሉ መኖርም ትዳር ያናጋል።

የቁምስናችን ቄስ አባ ሊኑስ ለጋብቻ ሲያስተምሩን፣ ከባድ ምክንያት ያላቸው ባልና ሚስት መውለድን ቢያዘገዩ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ የሴቲቱን ሰውነት ቀን እያዩ መታቀብ እንደሚቻል ነግረውን ነበር። አጠባበቁንም ያስተማሩን እዚያው ነው። ማስተማሩ ቀላል ነው እትዬ። ያለን አንድ ክፍልና አንድ አልጋ ነው። በመጀመሪያው ወር ባዮር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በሁለተኛው ወር፣ እኔ ቅዱስ ዮሴፍ አይደለሁም ብሎ ሰሌኑን ጠቅልሎ ጠፍጣፋው የጭቃ ጣሪያችን ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሲደርስ አፍ አውጥቼ አልነግረውም፤ ዓይኔን አይቶ መሰላሉን ይወጣል። በሙቀቱ ወራት ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ስለሚያድር አያስታውቅበትም። በዚህ ብርድ ግን እሱ ብቻ ነው። የትምህርት ቤት ባልደረቦቹ፣ ባዮር፣ ጣሪያ ላይ ተተኝቶ የሚወለድ ልጅ ካለ ለእኛም አሳየን ይሉታል አሉ። የነገረኝ እየሳቀ ነው። ከነገረኝ በኋላ ግን እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

እኔ ደግሞ የሌላ ሰው ልጆች የጥምቀት ልብስ እሰፋለሁ። ጎረቤታችን ዶሮቲያ ለአምስተኛ ልጇ ልታሰፋ መጥታ፣ "አንቺዬ፣ ለሰው ሁሉ ስትሰፊ ለራስሽ ጨርቅ አለቀብሽ?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ባለፈው በስልክ፣ ለምጄዋለሁ እትዬ፣ አሁን አያመኝም ያልኩሽ እውነት መስሎኝ ነበር። ልጅ ያቀፈች ሴት ስትገባ አንገቴን ደፍቼ ክር እቆርጣለሁ። መልመድ ማለት ይኸው ነው ብዬ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ላይ የምእመናን ጸሎት ደረሰ። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪው ካቴኪስቱ እንደ ልማዱ የታመሙትን፣ መንገድ የሄዱትን፣ የሞቱትን በስም ጠራ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "የማኅፀን ፍሬ ለምትሻው ለባዮር ሚስት ለፐርፔቱዋ፣ ጌታ እንባዋን እንዲያብስላት" አለ። ክው አልኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዶሮቲያ እንኳ ልጇን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው እያዛወረች አየችኝ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን እሱ አይደለም። ሕዝቡ "ጌታ ሆይ ስማን" ሲል ከሁሉም በላይ ጎልቶ የወጣ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔው ድምፅ ነበር። እንዳላረግዝ ቀን የምጠብቀው እኔ፣ ባሌን በዚህ ብርድ ጣሪያ ላይ የምሰደው እኔ፣ ለምጄዋለሁ ያልኩሽ እኔ፣ ከሰው ሁሉ አስበልጬ ስማን አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ከየት እንደወጣ እስካሁን አላውቅም እትዬ። ያን ያህል ውስጤ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ከድንጋጤው ስነቃ ንዴት መጣ። ያን ጸሎት ማን እንዳስነበበው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩት አማቴ እማማ ክሎቲልዳ ናቸው። ቅዳሴው እንዳለቀ ኒም ዛፉ ሥር አገኘኋቸውና አንገቴን ሳልደፋ፣ በሕይወቴ ተናግሬያቸው በማላውቀው ቃል ተናገርኳቸው።

"እማማ፣ ጓዳ ውስጥ መጠየቅ ሲቻል በሕዝብ ፊት መካን ማስባል ምን ይባላል?"

"እኔ? አንቺን?" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ የእኔን ያስንቅ ነበር። "አብሬሽ ነው እንጂ የለመንኩት" ብለው ሳይጨርሱ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

እትዬ፣ ገደልኳቸው ብዬ ነበር። ባዮር አፈፍ አድርጎ አቅፎ እስከ ጤና ጣቢያው ሮጠ። እናቱ በእጁ ላይ እንደ ቅል ቀለው እያየሁ ከኋላው እሮጣለሁ። የቀሚሳቸውን ጎን ደጋግሜ ያጠበብኩት እኔ ነኝ፤ እያጠበብኩም፣ እማማ ኮረዳ ሆኑ እኮ እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። አንዴ እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ነርሷ መርምራ፣ በሽታ አላገኘሁባቸውም፣ ባዶ ሆዳቸውን ናቸው አለች። ምን በሉ፣ መቼ በሉ ብትላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግሉኮሱ ገብቶ ትንሽ ነፍስ ሲዘሩና ነርሷ ስትወጣ ባዮርን እጁን ያዙት።

"አንተ ጣሪያ ላይ በምታድርበት ቀን እኔ እህል አልቀምስም" አሉት። "ማታ አንድ ቅል አጥሚት፣ እሱም ትንሽ። አሁንስ ስሟ የሚጠራበት ሳምንት ነው ብዬ ከዓርብ ጀምሮ አጥሚቱንም ተውኩት።"

ባዮር አልገባውም። እኔ ግን ቀስ እያለ ገባኝ። ልጃቸው ከሚስቱ አልጋ ወርዶ ብቻውን ጣሪያ ላይ ሲያድር ያዩት ያን ጊዜ ገና በሁለተኛው ወር ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ያሉት ባልና ሚስት፣ ጦቢያና ሣራ፣ ከመኝታቸው ርቀው እንደጸለዩ ካቴኪስቱ ያስተማራቸውን አስታወሱ። ልጆቼ ልጅ እንዲሰጣቸው ተስለው ከአልጋ ተለያዩ ብለው አመኑ። እነሱ ሲጾሙ እኔ እናታቸው እንዴት እበላለሁ ብለው ይኸው በየወሩ፣ እኛ እንዳይመጣ በምንጠብቅባቸው በእነዚያው ቀኖች፣ እሳቸው እንዲመጣ ሲራቡ ከርመዋል። ለምን አልጠየቁንም አልኳቸው። "ስእለት አፍ ላይ ከወጣ ይፈርሳል" አሉኝ። "እንዳላፈርስባችሁ ፈራሁ።"

ባዮር፣ አርባ ልጅ ፊት ቆሞ የሚያስተምረው ሰው፣ የእናቱን እጅ እንደያዘ ዞረ። እኔን አየኝ። ብናገር ወሬው አጎቶቹ ጋ ሊደርስ ነው፤ ዝም ብል እኚህ ሴት በእኛ ዝምታ ሊያልቁ ነው። ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። በሩን ዘግቼ ልብሴን ገለጥኩና ስፌቱን አሳየኋቸው። ኩማሲ ለምን እንደሄድኩ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ሰሌኑ ለምን ጣሪያ ላይ እንደሚዘረጋ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ጠባሳውን ነኩና እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰቡት።

"እና እግዚአብሔር" አሉ፣ "እስካሁን የማናችንን ሲሰማ ነበር?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰኞ ወደ ቤት መጡ፤ ሰኞም ማክሰኞም አንድ ቃል አልተነፈሱም። አጥሚት ብቻ ይቀበሉኛል፣ ዓይኔን ግን አያዩም። ረቡዕ የባዮር ትልቁ አጎት መጡ። እማማ ወንበር አስወጥተው ግቢው ጥግ ብቻቸውን አስቀመጧቸውና ረጅም አወሩ። እኔ የስፌት መኪናዬን ያለ ክር እነዳለሁ። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ባዮር ከትምህርት ቤት ሲመጣ ነግሬው፣ ምንም ቢመጣ አንቺን አልለቅም አለኝና ሄዶ የማይፈለጥ እንጨት መፍለጥ ጀመረ። እውነቱን ልንገርሽ? ከአጎቱ ይልቅ የእማማ ዝምታ ነው የጎዳኝ።

ሐሙስ ማታ ባዮር ሰሌኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መሰላሉ ጋ ሲደርስ እናቱ ከቤታቸው ወጡ። በአንድ እጃቸው የማሽላ ገንፎ፣ በሌላው የጅግራ ወጥ ይዘዋል። ያችን ጅግራ ለፋሲካ ነበር የሚያሳድጓት። ልጃቸውን ሽቅብ አዩትና የራሳቸውን ጋቢ ወደ ላይ ወረወሩለት። ከዚያ እኔ ፊት ቁጭ አሉ።

"ልጄ ዛሬም ጣሪያ ላይ ነው" አሉ። "እንግዲህ እንብላ።"

ቆርሰው በሉ እትዬ። ሰሌኑ በተዘረጋበት ቀን ሲበሉ የመጀመሪያቸው ነው። አጎትየው ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው። ቤተ ክርስቲያን ስለተነበበው ሊጠይቁ ነው የመጡት፤ ችግር ካለ ሌላ መላ እንፈልግ ነው ያሉት። እማማ ደግሞ፣ ጸሎቱ የእኔ ነው፣ የአንተ መላ አያስፈልገውም ብለው ስለ ከብቶቻቸው ሲያወሯቸው ውለው ሸኝተዋቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን አዩኝ።

"ከእህል የጾመ አፍ ከወሬ መጾም አያቅተውም" አሉኝ።

በእኛ ቤት ለባልየው የሚቀመጠውን ፈረሰኛውን አንስተው እኔ ሳህን ላይ አደረጉት። ባዮር ከላይ ሆኖ፣ የእኔ ድርሻስ ቢል፣ "አንተ ወደ ላይ ወጥተህ መልአክ ሆነሃል፣ ሥጋ ምን ያደርግልሃል" አሉት። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ፤ ስስቅም እንባዬ መጣ፤ እንባዬ ሲመጣም እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ሁለት ዓመቱ ለፋሲካ ይሞላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈርቻለሁ። እስካሁን ልጅ ያልመጣው እኛ ስለጠበቅን ነው እያልኩ እጽናና ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባይመጣ ምን እላለሁ? ሐኪሙ ታገሱ አለ እንጂ ትወልዳላችሁ አላለም። ይህን ለእማማም ነገርኳቸው። እኔም አላውቅም አሉኝ። እመኚ ብቻ ቢሉኝ ኖሮ አይቀለኝም ነበር። ያን ቀን ከአፌ ያመለጠው ጩኸት አሁን አያሳፍረኝም፤ ለምጄዋለሁ ያልኩሽን ግን ውሰጂልኝ፣ ውሸቴን ነው።

ጋሼ ኮስማስን ጤናቸውን ይጠብቁ፣ ፒቶውን ለሌላው ይቅዱ እንጂ እሳቸው አይቅመሱ በያቸው። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዲያልፍ እዚህ ሻማ አብርቼለታለሁ፤ ይህን ሰምቶ እንዳያርፍ ግን ያጥና። ለመንትዮቹ ሸሚዝ ሰፍቻለሁ፤ እጅጌው ቢረዝም አድገው ይደርሱበታል። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እናታችን ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ለውዝ ልትፈለፍል ወጥታ ነው እንጂ ሰላምታዋን ራሷ ታስጽፍልሽ ነበር፤ ለእሷ የነገርኳት ነገር የለም። ባዮር እጅ ነስቷል። እማማ ክሎቲልዳ ለጉልበትሽ ማሻ ከሺ ዛፍ ፍሬ የወጣ ቅቤ ልከውልሻል፤ ምስጢሩን ማወቅሽንም ስለሚያውቁ፣ እሷ ልጄን ስላስታመመችልኝ እግዚአብሔር ያስታምምልኝ ብለውሻል። ልጄን ያሉት እኔን ነው።

በጸሎትሽ አትርሺኝ እትዬ። ከፋሲካ በኋላ ጣሪያችን ላይ ማሽላ ብቻ ይሰጣበት በይልኝ።

ታናሽሽ ፐርፔቱዋ

ናንዶም፣ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2019