ያዘዝሽኝ የአባባ ሥዕል

ለተወደድሽው እህቴ ለይላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ በቂ እንቅልፍ ያስተኙሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ቤታችን ቆሟል። መንገዱ ተከፍቷል፤ ሚኒባሱም ከወልድያ መምጣት ጀምሯል።

ይህን ደብዳቤና ያዘዝሽኝን ሥዕል የምታመጣልሽ እዚያው ጂዳ የምትሠራው ሀስና ናት። ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ጂዳ ስትመለስ በእጅሽ እንድትሰጥሽ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺም ከጎንሽ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ። እህቴ፣ ቁጭ በይና እጇን ያዢ። አባባ በኅዳር ወር ወደ አኼራ ሄደዋል። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው የስኳር መርፌያቸው አለቀ፤ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያልጠየቅነው ሰው የለም። ጥይት አልነካቸውም። በአልጋቸው ላይ፣ ሸሃዳቸውን ይዘው፣ እማ ራሳቸውን ደግፋቸው ነው የሄዱት።

በስልክ መርዶ አይነገራትም ያሉት አጎታችን አብዱልመሊክ ናቸው። “ብቻዋን በሰው ቤት ወድቃ ማን ያነሳታል?” ብለው ነው፤ ለክፋት አይደለም። ኔትወርክ ተመልሶ ስትደውዪ “ግራና ገበያ ሄደዋል”፣ “መስጊድ ናቸው” የተባልሽው ለዚህ ነው። ኋላ አንቺ፣ “ፎቶ የሚያነሳው ስልካችሁ ከተዘረፈና ፎቶ ከሌለ ዓሪፍ አባባን አሁን እንዳሉ ይሳልልኝ፤ ሥዕል አይደለም እንዴ የሚማረው?” አልሽ።

አጎታችን ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። “በል ሽበት ጨምርባቸው፤ አዲስ ከዘራም አስይዛቸው” አሉኝ። ሳልኩ። ከማንጎው ጥላ ሥር፣ ነጭ ጀለብያ ለብሰው፣ ፈገግ ብለው። አጎታችን “መናገር ብቻ ነው የቀራቸው!” አሉ። እማ ግን ትክ ብላ አየችና “ሰውዬው ያምራሉ። ማን ናቸው?” አለች። ትንሿ እህታችን አሲያ ሳቀች፤ እማ አልሳቀችም። “አባትህ ከዚያ ማንጎ ሥር እንዲህ ተመቻችተው የተቀመጡት መቼ ነው? ልጄ ይሄን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ታውራው?”

አዲስ አበባ ያሉት አስተማሪዬ “እጅህ ጎበዝ ነው፤ ሰዎችህ ግን ሁሉም ፎቶ ለመነሳት የተቀመጡ ናቸው” ይሉኝ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ተቀይሜያቸው ነበር። ያስረዳችኝ እማ ናት። ያየሁትን ትቼ ሰው ማየት የሚወደውን ስስል ነው የኖርኩት።

ስለዚህ ያየሁትን ሳልኩ። ቀለም ስለሌለ በከሰል ነው። በጥቅምት የውሃ ተራችን ሲደርስ አባባ አልሰማ ብለው ወደ ማሳው ወረዱ። እኔ ቦዩን ልክፈተው ብላቸው “አንተ ወረቀትህን ጠብቅ” ብለው ሳቁብኝ። ቦዩን ከፈቱና አካፋውን ተደግፈው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ውሃው ሽንኩርቱ ውስጥ እስኪዳረስ ቆመው ጠበቁ። አንድ እግራቸው አብጦ ጫማ አይገባላቸውም ነበር። እሱንም አልደበቅኩም። ፊታቸው አይታይም። ሰው ስስል ሲያዩ አባባ “በቂያማ ቀን የሳልከው ላይ ነፍስ ዝራበት ብትባል ምን ይውጥህ ይሆን?” ይሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። እንዲያ እያሉም አዲስ አበባ የሄድኩ ዕለት ሻንጣዬን ተሸክመው መናኸሪያ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው።

እማ ይሄኛውን ስታይ ያበጠ እግራቸውን በጣቷ ነካ አደረገች። ኋላ “ይሄን ላክላት። ታልቅስ፤ የምታለቅሰው ለአባቷ ይሁን” አለች። አጎታችን ተቆጡ፤ ሰነበቱና ግን ሀስናን ፈልገው ያመጡልኝ ራሳቸው ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ጠርቶናል፤ መንገዱ ስለተከፈተ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። የአገራችንን ሰው እንዳየሁት እስላለሁ። እንጀራ ይሁነኝ አይሁነኝ አላውቅም፤ ሌላ አሳሳል ግን ከእንግዲህ እጄ እሺ አይለኝም።

አሲያ እጅሽን ስማለች። አጎታችን ሰላም ብለውሻል፤ ከአንቺ ጋር ለማውራት አፍረዋል፤ አንቺው አስጠሪያቸው። እማ ደግሞ እንዲህ በላት ብላኛለች፦ “ትደውልና ታልቅስ። ምንም ባታወራ እኔ ስልኩን አልዘጋባትም።”

ወንድምሽ ዓሪፍ
መርሳ፣ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.