የስልሳ ሁለት ሴቶች መደበኛ ደመወዝ

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
እሑድ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውዷ አሰጉ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሀዋሳስ እንዴት ናት? ልጃችን ሀይሚ፣ የልጅ ልጃችን አብነት እስከ ሃያ መቁጠር ቻለ ብላ ድምፁን ልካልኝ ነበር። አሥራ ሦስትን ዘሎ አሥራ አራት ይላል። ደጋግሜ ሰማሁት። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ክረምት ሲገባ እንደሚያደርገው ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ጤና ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሼ ተውኩት። በስልክ “ደህና ነሽ?” “ደህና ነኝ” ተባብለን ዝም ስለምንል፣ ይህን የመሰለ ነገር በዝምታው መሀል እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አሰጉ፣ አሸነፍን! ስልሳ ሁለቱም ሴቶች ተስተካከለላቸው። ዓርብ ዕለት አለቀ።

የትኞቹ ሴቶች ብለሽ እንደማትጠይቂኝ አውቃለሁ። በ2009 ሐምሌ ራት ላይ የነገርኩሽን አንቺ አትረሺውም። ያን ጊዜ ድርጅታችን ለመንገድ ጠራጊዎቹ ደመወዝ ጨምሮ፣ “መደበኛ ደመወዝሽ ይህን ያህል ሆኗል” የሚል ደብዳቤ ለእያንዳንዳቸው ሰጠ። በዚያው ሳምንት የያኔው ሥራ አስኪያጅ ጠራኝና፣ በየወሩ ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት በምልከው ዝርዝር ላይ ጭማሪው “አበል” ተብሎ እንዲገባ አዘዘኝ። ከአበል ላይ የጡረታ መዋጮ አይቆረጥም። ድርጅቱ ከራሱ የሚያዋጣው ይቀንስለታል፤ ሴቶቹም እጃቸው ላይ ትንሽ ስለሚተርፋቸው አይጠይቁም። “ሲጦሩስ?” አልሽኝ። ጡረታ የሚሰላው ጡረታ መሥሪያ ቤቱ በሚያውቀው መደበኛ ደመወዝ እንደሆነ ካንቺ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር። “የታዘዝኩትን ነው የምሠራው” አልኩሽ። “ስማቸውን እያወቅህ?” አልሽና ሰሃኑን አነሳሽ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ፣ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው፣ በእነዚህ ጣቶቼ ጻፍኩት። የእኛ የቢሮዎቹ ደመወዝ ግን አንድ ብር ሳይጎድል ነበር የሚላከው። ይህንን ያን ጊዜ አልነገርኩሽም።

የካቲት ላይ ፈለቀች ቢሮዬ መጣች። ታስታውሻታለሽ፤ ከመገናኛ ወደ ገርጂ የሚወስደውን መንገድ የምትጠርገዋ፣ ሀይሚ ስትዳር ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት የላጠችልን። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ስለሆነ ጡረታዋን አስገምታ፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

“አቶ ወልደጻድቅ፣ ይሄ የኔ ነው?”

“ስምሽ አለበት እኮ።”

“ስሙስ የኔ ነው። ደመወዙ ነው የኔ ያልሆነው። እኔ አራት ሺህ ስድስት መቶ ነው የምፈርመው። እዚህ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ይላል። ሌላ ፈለቀች አለች እንዴ?”

ፈገግ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “ሂጂና የጡረታዎቹን ጠይቂ” የሚለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ስንት ሰው በዚህች ቃል እንደሸኘሁ እግዜር ይቁጠረው። ያን ቀን ግን አልወጣ አለኝ።

“ሌላ ፈለቀች የለችም” አልኳት። “እንደዚህ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ትእዛዙን፣ አበሉን፣ ስልሳ ሁለት መሆናቸውን፣ ዘጠኙ ቀድሞውኑ በጎደለው ደመወዝ ጡረታ መውጣታቸውን። ሰምታ ስትጨርስ “እንግዲያው እርስዎ ያውቁታል ማለት ነው” አለችኝ።

“አዎ፣ አውቀዋለሁ።”

“የሚያውቀው ሰው ካለማ ይስተካከላል” አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እንዲህ አምናኝ ሄደች፣ አሰጉ። እኔ ነኝ የበደልኳት ካልኳት ከአምስት ደቂቃ በኋላ።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የአሠሪዎችን ሪፖርት የሚቀበለው ሙስአብ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ቃል የማያባክን። “ይታረማል” አለኝ። “ለእያንዳንዷ ሠራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ወር፣ ትክክለኛውን ደመወዝ የያዘ የማስተካከያ ሪፖርት ይምጣ። ጭማሪው መደበኛ ደመወዝ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ይያያዝ። ድርጅታችሁ የጎደለውን መዋጮ ከነቅጣቱ ይክፈል። የኃላፊ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ያለ ማኅተም አይምጡብኝ።”

ማኅተሙ ያለው የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ረታ ጋ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር የማይወድ ሰው ነው። ማለቴ እንደ እኔ።

“ጋሽ ወልዴ፣ አራት ወር ነው የቀረዎት። ምን ያደርግልዎታል? በሰላም ይውጡ።”

“ሴቶቹስ?”

“እኔ አይደለሁም ያመጣሁት።”

“ልክ ነው፤ ከእርስዎ በፊት ነው የተጀመረው። አሁን በየወሩ የሚፈርሙበት ግን እርስዎ ነዎት።”

ፊቱ ተለዋወጠ። “ዝርዝሩ ላይ ‘አዘጋጅ’ በሚለው ቦታ ያለው የማን ስም ነው? ምርመራ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ከድርጅቱ ነፃ ነው የሚል ክሊራንስ ካላገኙ ደግሞ የራስዎም ጡረታ ይንጠለጠላል። አስበውበታል?”

አላሰብኩበትም ነበር። ከቢሮው ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ ጠረጴዛዬ ጋ ሄድኩና ለሥራ አመራር ቦርዱ ደብዳቤ ጻፍኩ። “ከሐምሌ 2009 ጀምሮ ትክክል ያልሆነውን የደመወዝ ዝርዝር እያወቅሁ አዘጋጅቼ የላክሁት እኔ ነኝ” ብዬ ጀመርኩ። ሐሳቤን ሳልቀይር መዝገብ ቤት ወስጄ ቁጥር አስመታሁበት። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ ሳልታዘዝ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው።

ቦርዱ ማስረጃ ጠየቀ። እዚህ ላይ ጉድ ሆነ፤ ከሠራተኞቹ ማህደር ውስጥ የ2009ኙ የጭማሪ ደብዳቤ ቅጂ አንድም አልተገኘም። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሰውም አልወነጅልም። አቶ ረታ “እንግዲህ ምን ይደረጋል?” አለና እጁን ዘረጋ። ያን ቀን ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት። መንገድ ላይ ፈለቀችን ከነመጥረጊያዋ አገኘኋትና ደብዳቤው የለም፣ አለቀልን ብዬ ነገርኳት።

“የቱ ደብዳቤ? ያ ባለ አርማው? ቤቴ ነው እኮ ያለው” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ የግቢው በር ሞልቷል። ሴቶቹ ናቸው፤ የሚሠሩትም፣ ጡረታ የወጡትም። እያንዳንዷ ደብዳቤዋን ይዛለች። አንዷ በፌስታል፣ አንዷ በውዳሴ ማርያሟ መሀል፣ አንዷ በቁርአን ማኅደሯ ውስጥ። አንዷማ በፍሬም አስገብታ ከሠርግ ፎቶዋ ጎን ሰቅላው ኖሮ ከነመስታወቱ ታቅፋው መጣች! ከነበሩት መሀል ሁለቱ ሞተዋል። የአንዷን ልጇ ይዛ መጣች፤ የሌላዋን ባሏ። ምን ነክቷቸው ስምንት ዓመት እንዲህ ያስቀመጡት ብዬ ስገረም ፈለቀች ገባት መሰለኝ፣ “በወረቀት እንኳን ደስ አለሽ ያለን ሌላ ማን አለ?” አለችኝ።

አምሳ ዘጠኝ ደብዳቤ ሰበሰብኩ። ሦስቱ በዝናብና በቤት መልቀቅ ጠፍተዋል። ግን የደብዳቤዎቹ ቁጥር ተከታታይ ነበር፤ በመሀል የጎደሉት ቁጥሮችም ሦስት ብቻ ናቸው። ያቺን ሳገኝ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ “ይኸውና!” ብያለሁ። አንቺ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር።

ቦርዱ ፊት በቀረብኩ ቀን ሰብሳቢዋ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ “ይህን ሁሉ የሚያውቁ ከነበረ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?” አለችኝ። ስለ መዋቅርና ስለ ትእዛዝ ሰንሰለት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ቤት ውስጥ ተለማምጄዋለሁ።

“ፈርቼ ነው” አልኳት።

አቶ ረታ ራሱን አቀርቅሮ ነበር። ከዚያ፣ ያልጠበቅሁትን ነገር ሰማሁ። “እኔም እንዲሁ ነው” አለ። “ማስተካከያው ይዘጋጅ፤ እፈርምበታለሁ።”

ተወሰነ። ድርጅቱ የጎደለውን መዋጮ ከነቅጣቱ እንዲከፍል፣ ዝርዝሩ ሁሉ እንዲታረም። ለእኔ ደግሞ የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣትና በማህደሬ የሚቀመጥ ማስጠንቀቂያ። በደስታ ነው የፈረምኩት። ማህደሬ ውስጥ ካሉት የምስጋና ወረቀቶች ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል ብልሽ አታምኚኝ ይሆናል።

ከዚያ የቀረው ሥራው ነበር። አምስት ሺህ የሚሆን መስመር በኤክሴል መልሼ ጻፍኩ። ስም፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ ወር፣ መደበኛ ደመወዝ። ከዓመት ዓመት የተጻፈ ስሕተት ሲታረም ደስ ይላል፤ ግን ስሞቹን ሳነብ እያንዳንዳቸው የት መንገድ ላይ እንዳሉ ይታየኝ ነበር፤ ያቺ ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ያቺ ቦሌ ለሚ ፋብሪካዎቹ በር፣ ያቺ ድልድዩ ሥር። ሙስአብ አንዴ የአንዲት ሴት የአያት ስም በአንድ ፊደል ስለተለየ መለሰልኝ። አልተናደድኩም። ወድጄዋለሁ እንዲያውም። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ እንደሱ ያለ ሰው ደብዳቤያቸውንና የእኔን ዝርዝር አስተያይቶ ቢመልስብኝ ኖሮ!

ዓርብ፣ በመጨረሻው የሥራ ቀኔ፣ የመጨረሻውን ዝርዝር ወሰድኩ። ሴቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ሙስአብ እስከ ታች አነበበና ማኅተሙን መታ። “ተቀብለናል፤ ስልሳ ሁለቱም” አለ። ስወጣ ፊቴን አይተው አወቁ። እልልታው መንገደኛውን አቆመው፤ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ መጣራታቸውን ትተው “ምንድነው? ሰርግ ነው?” ይሉ ነበር። ፍሬሟን ያመጣችው ሴትዮ ጉልበቴን ረስታ አሽከረከረችኝ።

ፈለቀች እዚያው እንደገና የተሰላላትን ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ አስነበበችኝ። አራት ሺህ ስድስት መቶ የሚለው ላይ ጣቷን አደረገችና “አዎ፣ ይህቺ እኔ ነኝ” አለች። ላንቺም ሰላም ብላሻለች። ለሁለቱ ሟቾች ቤተሰቦች የሚከፈለው ግን ገና በሂደት ላይ ነው፤ ጡረታ ብወጣም እሱን የምከታተለው እኔ ነኝ። ሙስአብም ያውቃል፤ “ይምጡ” ብሎኛል።

አሁን ደግሞ የራሴ ቅጽ ተራ ነው። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የአገልግሎት ዘመን ካለ በኋላ “የትዳር ሁኔታ” ይላል። ሀይሚን ልታርሺ ሄደሽ ከቀረሽ አራት ዓመት ሆነ። እኔ “ያገባ” ብዬ ሞላሁ፤ ከሥሩም ሙሉ ስምሽን ከነአያትሽ ጻፍኩ። ያው ዓርብ ለሙስአብ ስሰጠው እንደልማዱ ጠየቀኝ፤ “አብረው ነው የሚኖሩት?” “ቅጹ እሱን አይጠይቅም” አልኩት። ካየሁት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ግን አንድ ነገር ጎደለ ብሎ መለሰው። የባለቤት ሁለት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተነሣሽው። በፖስታ መላክ ይቻላል ብሏል። ይዘሽው ብትመጪም ቢሮው በሥራ ቀን ሁሉ ክፍት ነው፤ እኔም ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

አምላክ ከነሀይሚና ከነአብነት ይጠብቅሽ፤ እጅሽን አይመምሽ፣ ሐሳብሽን ይሙላልሽ።

ወልደጻድቅ