ከሳጥኑ ላልወጣው እቶን ባለአደራዎች

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ካሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመጣሁ ቁጥር ባዶውን ለሚጠብቀኝ ወንበርዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ በመጸዳጃ ዕቃዎች ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከእቶን የወጣውን የመጸዳጃ መቀመጫ ሁሉ በትንሽ መዶሻ እየቆረቆርኩ አዳምጣለሁ፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ጽሕፈት ቤትዎ «በላቀ የሴራሚክ ምህንድስና የሦስተኛ ዲግሪ ምርምር ወርቃማ ዕድል» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላኝ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር። የዕድሜ ጣሪያው ሠላሳ አምስት ነውና ዕድሉ ለእኔ የመጀመሪያም የመጨረሻም ነበር። እናቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብላ አውርታ፣ በማግስቱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሦስት ባልቴቶች በራችን ላይ ተሰለፉ። ለዚህም ክብር አመሰግናለሁ።

እንደ እርስዎ ባለ ሰው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ነውር ስለሆነ፣ የሚከተሉትን እንደ አድናቆት ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፦ አመልካች ሁሉ ናሙናውን በቤተ ሙከራችሁ እቶን ጠብሶ ውጤቱን እንዲያቀርብ መጠየቃችሁ ታላቅ ጥበብ ነው። እቶኑን አየሁት፤ ማለቴ ሳጥኑን። ከመጣ አምስት ዓመቱ ሲሆን፣ አሁን የፎቶኮፒ ማሽን ተሸክሞ ያገለግላል። የንብረት ክፍሉ አዛውንት «ልጄ፣ የታሸገ ዕቃ አይበላሽም፤ የሚበላሸው የተከፈተ ነው» ብለው በአባትነት መከሩኝ። ሳጥኑ የሚከፈተው የርክክብ ኮሚቴው አምስት አባላት አብረው ሲፈርሙ ነው። አንደኛው ጡረታ ወጥተዋል፤ እሳቸውን ለመተካት ደግሞ አምስቱም መፈረም አለባቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የማይሰነጠቅ ነገር ፍለጋ ዕድሜዬን ስፈጅ፣ እንደዚህ ያለ ሽንቁር የሌለው አሠራር አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፦ መላው ሲጠፋኝ የፋብሪካችንን የእቶን ኃላፊ ለመንኳቸው። ሠራተኛው «ጋሽ ፍሙ» የሚላቸው ቁጡ ሰው ናቸው። ለረጅም ጊዜ አጉረምርመው ሲያበቁ «አምጪው እስቲ፤ አለቃ እንዳያይሽ ብቻ» አሉኝ። ከእሳት ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንዳይሰነጠቅ ብዬ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሴራሚክ፣ በመጸዳጃ መቀመጫዎች መካከል ተደብቆ ተጠበሰ። አርባ ጊዜ ከእሳት ወደ ውሃ ገባ፤ ጭረት እንኳ አላወጣም። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ጋሽ ፍሙም «ጭሱ ነው» እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እቶናችን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው።

የእናንተ ገምጋሚዎች ግን ውጤቴን «ከመጸዳጃ ዕቃ ጋር የተጠበሰ በመሆኑ የምርምር ክብር ይጎድለዋል» ብለው ጣሉት። እሳት ጎረቤት አይመርጥም ብዬ ላስረዳ ስል ሰዓትሽ አልቋል ተባልኩ። እውነት ነው፣ ለቃለ መጠይቁ ከተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አምስቱ ያለቀው የአንድ ፈታኝ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ለምን እንደሚነቀል ስንመካከር ነበር። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ውሃ ለቀውበት ነው፤ ይንገሩልኝ።

ሦስተኛ፦ ለምርምሩ የተመደቡት ሦስቱም ቦታዎች «ብቁ አመልካች ስላልተገኘ» ለከርሞ መተላለፋቸውን በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አነበብኩ። ባልተከፈተ እቶን የጠበሰ ሰው አለመገኘቱ እኔንም አስገርሞኛል። ለከርሞ የእኔ ዕድሜ ጣሪያውን ያልፋል። እስካሁን ስቀልድ ቆየሁ እንጂ፣ ዕድሉን ከልቤ ፈልጌው ነበር፤ በጣምም ከፍቶኛል።

ለመንበርዎ መደላደልን፣ ለማኅተምዎ የማይነጥፍ ቀለምን፣ ለስብሰባዎችዎ ሁሉ መጨረሻ አለመኖርን እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሳ፣

ብቁ ሆና ያልተገኘችው
የመጸዳጃ ዕቃዎች ጥራት ተቆጣጣሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያንኑ ውጤት የላክሁለት የሌላ አገር የምርምር ተቋም በዚህ ሳምንት ለሦስተኛ ዲግሪ ተቀብሎኛል። ቦታው በአገራቸው ዕድል ላጡ የተመደበ ስለሆነ፣ የቀረኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፦ በአገሬ ምንም ዓይነት የምርምር ዕድል ተሰጥቶኝ እንደማያውቅ የሚያረጋግጥ፣ በእርስዎ የተፈረመ ደብዳቤ። ይህን ከእርስዎ የበለጠ በሙሉ ልብ ሊመሰክርልኝ የሚችል ሰው የለም።