ሦስተኛውን ደረጃ እንዳትማሪው

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፍቅርተ፦ አንቺ፣ ባልሽ እዮብና ልጅሽ ሚዛንዬ እንደምን ከርማችኋል? የእናትሽ የፋንቱ ጉልበትስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያመዋል? እኔ ሆዴ ከመግፋቱ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ። የሚዛንን ትምህርት ቤት በዓል በሲዲ አየሁት። ያንን ቪዲዮ አንሺ ከየት አመጣችሁት? መስማት የተሳናቸው ልጆች በእጃቸው ሲዘምሩ እሱ ከአንገት በላይ ብቻ ያነሳል። ቀበሌ ቅርቤ ቢሆን እከሰው ነበር።

ደግነቱ አስተማሪዋ የላከችልኝ የምልክት ሥዕሎች አሉኝ። እዚህ ናይሮቢ የተበላሸ የሚጠግን ሁሉ ፉንዲ ይባላል፤ እኔም ማንም ሳያስተምረኝ የኮምፒውተር ፉንዲ ሆኜ፣ እሠራልሻለሁ ያልኩሽን የምልክት ቋንቋ ጨዋታ ወደ ማለቁ አድርሼዋለሁ። አንዲት ሴት በእጇ ምልክት ታሳያለች፤ ትርጉሙን ካወቅሽ በር ይከፈታል፣ ከሳትሽ ዶሮ ትስቅብሻለች። ዶሮዋን የሠራሁት አንቺን እያሰብኩ ነው። ሚዛን ከአዳሪ ትምህርት ቤቷ ለክረምት ስትመጣ እንደ አምናው እናትና ልጅ ሳትግባቡ ተፋጥጣችሁ እንድትከርሙ አልፈልግም።

ግን ሌባ ገብቶብኛል። ኮምፒውተሬ ያለው ከገብረመድህን ምግብ ቤት ጓሮ ነው። ጠዋት ስገባ ጨዋታው እኔ ባልተውኩበት ደረጃ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ገብረመድህንን ጠረጠርኩ፤ ሰሞኑን ሳልጠይቀው ሻይ ያጠጣኛል። ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ላሉ ፈረንጆች ሊሸጥብኝ ነው አልኩ። ኋላ ኪቦርዱ ላይ የበርበሬ አሻራ አየሁ። በርበሬ የሚነካ ደግሞ ወጥ ሠሪው ባንታየሁ ነው። ስጠይቀው «እኔ ጋሼ? ሞባይል እንኳ በሰው ነው የማስደውለው» አለኝ፤ ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያያል። ሚስቱና ልጁ ከአዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ ቤቱ ሰው አይጠራም፤ ልጅቷን ማንም አላያትም። ምን ቢደብቅ ነው?

እኔም ወጥመድ አጠመድኩ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ «እናት» የሚለውን ምልክት አውጥቼ የራሴን ፈጠራ አስገባሁ፦ ጣቶችን ከአገጭ ሥር እንደ ፍየል ጢም ማወዛወዝ። ጨዋታዬን ሰርቆ የሸጠ የትም ቢገባ በፍየሌ አውቀዋለሁ። እስካሁን የደረሰውን በሲዲ ልኬልሻለሁ፤ አንቺ ያንን ምልክት እንዳትማሪው፣ ልጅሽ ፊት ፍየል ነኝ ብለሽ ታርፊዋለሽ።

ፋንቱን ጉልበቷን እሺልኝ። እዮብን ጢምህን ተላጭ በዪልኝ። ሚዛንን ሁለቱንም እጆቿን ሳሚልኝ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። እሑድ እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው አልነበረም። በመጋረጃው ጥግ አየሁ፤ ባንታየሁ ነው። ኮቱን ለብሷል፣ ሚስቱና አንዲት ትንሽ ልጅ አብረውት ናቸው። ልጅቷ በእጇ ታወራዋለች። እሱ ወደ ሚስቱ ያመለክትና፣ እንደሚጸልይ ሰው ተጠንቅቆ፣ ጣቶቹን ከአገጩ ሥር ያወዛውዛል። ልጅቷ በሳቅ ፈርሳለች፤ እጁን ይዛ ከአገጩ ታወርደዋለች። እሱ አላመናትም መሰለኝ፣ ደጋግሞ ወደ በሬ ይጠቁማል። እኔን ምስክር ሊያደርግ ነው የመጣው።

ምን ብዬ እንደምከፍትላቸው እንጃ።

አጎትሽ ዘገዬ
ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ
ሰኔ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.